የግርሻ ትኩሳት በደም ሥርና በአንጎል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

ወደ አሪቻ ለመስክ ሥራ ለሚወጡ ተማሪዎችና ለመምህራን በዲላ የተደረገ ንግግር




የቡናው ለቀማ እየደረሰ ነው፤ ከመካከላችንም አያሌዎቹ ለመስክ ሥራ ወደ አሪቻ ይወጣሉ። ዛሬ የምንናገረው ነገር ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ከእኛ አንዱ በአንድ ሌሊት፥ ትኩሳት በያዘው በአንድ የቡና ለቃሚ ራስጌ ተቀምጦ ሳለ ሊያስፈልገው የሚችል ነው።

ርእሱ የመጣው ከጥያቄ ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ ስለ ላይም በሽታ በውጭ አገር መጽሐፍ ሲያነብ ቆይቶ፥ «ይኸ ፊትን የሚያጣምም፥ የልብን ምት የሚያዘገይ፥ አንጎልን የሚነካ በሽታ በጌዴኦ ይገኛልን?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱ ግን ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው አጭር ነው፥ ሁለተኛው ረጅም ነው።

አጭሩን እናስቀድም። ላይም ስሙን ያገኘው በሰሜን አሜሪካ በኮነቲከት ግዛት ከሚገኝ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያ አካባቢ የብዙ ልጆች ጉልበት እያበጠ ስለ ተቸገሩ፥ እናቶች ነገሩን ለጤና ባለሥልጣኖች አመለከቱ፤ ዶክተር አለን ስቲርና ጓደኞቻቸውም መረመሩት። ጀርሙን በመዥገር ሆድ ዕቃ ውስጥ ያየው ዊሊ ቡርግዶርፈር ሲሆን፥ ዓመቱ 1981 ነበረ። ከዚህም የተነሣ ጀርሙ ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። መዥገሩ ነክሶ ከሄደ በኋላ በመጀመሪያ ቀላ ያለ ክብ ምልክት በቆዳ ላይ ይሰፋል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ጀርሙ ወደ ነርቭ ይዞራል። የሕመምተኛው ፊት በአንድ ወገን፥ አንዳንድ ጊዜም በሁለቱም ወገን ይወድቃል፤ የአንጎል ሽፋን ይቆጣል፤ ከአከርካሪ የሚወጡት ነርቮች ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ያመጣሉ። ጋሬንና ቡዣዱ የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪሞች የጀርሙ ስም ሳይታወቅ ገና በ1922 ይህን ዓይነት ሕመምተኛ ጽፈውታል። በልብ ላይ ሲደርስ ምቱን የሚያስተላልፈውን መሥመር ስለሚዘጋ ሰውየው ይደክማል፥ ራሱንም ይስታል። ከስንት አንዴ ደግሞ የአንጎልን ደም ሥሮች አስቆጥቶ ስትሮክ ያስከትላል።

ታዲያ ይህን በሽታ የሚያስተላልፈው ኢክሶደስ የሚባለው መዥገር ሲሆን፥ ዋና መኖሪያው የአውሮፓ፥ የሰሜን አሜሪካና የሰሜን እስያ ደን ነው። በእኛ ከብቶች ጆሮና ጡት ሥር ተጣብቀው የምናያቸው መዥገሮች ሌላ ዘር ናቸው። ስለዚህ በአሪቻ ትኩሳት የያዘውን ሰው፥ ውጭ አገር ቆይቶ የተመለሰ ካልሆነ በቀር፥ «ላይም ይሆን?» ብሎ መጀመር መንገድ መሳት ነው። አጭሩ መልስ ይኸው ነው።

ረጅሙ መልስ ግን፥ ላይም ባይኖረንም የሥጋ ዘመዱ አለን የሚል ነው። ዘመዱም ከእርሱ የከፋ ነው። ይኸውም ቦሬሊያ ረከረንቲስ የሚባለው ጀርም የሚያመጣው፥ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት፥ በአጭሩ ግርሻ የምንለው ነው። ዓለም በሙሉ የረሳውን ይህን በሽታ እስከ ዛሬ ይዛ የቆየችው ከጎረቤቶቿ ጋር አገራችን ኢትዮጵያ ናት። እኛ ተማሪዎች ስለ ላይም ብዙ ገጽ አንብበን ስለ ግርሻ ግማሽ ገጽ ማንበባችን፥ መጻሕፍቱ ለማን እንደ ተጻፉ ያሳያል እንጂ የትኛው በሽታ ለእኛ እንደሚቀርብ አያሳይም።

ሁለቱ ጀርሞች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። በጠባይ ግን እንደ ሌባና እንደ ሽፍታ ይለያያሉ። ላይም ሌባ ነው፤ በደም ውስጥ ጥቂት ሆኖ አልፎ በመገጣጠሚያና በነርቭ ውስጥ ይደበቃል፥ ሥራውንም በሳምንትና በወር ይሠራል። ግርሻ ግን ሽፍታ ነው፤ በግልጽ በደም ውስጥ ይፈላል። በአንዲት ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ እስከ 500,000 የሚደርስ ጀርም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚጎዳውም አስቀድሞ ደም ሥርን ነው፤ አንጎልም የሚጎዳው በአብዛኛው በደም ሥሩ በኩል ነው።

ጀርሙን መጀመሪያ ያየው ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ወጣት የጀርመን ሐኪም ነው። በ1868 በበርሊን ከሕመምተኞች ደም ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ክሮችን አየ፤ እስከ 1873 ድረስ ግን አላሳተመውም፥ በዚያው ዓመትም በኮሌራ ሞተ። ቅማል ጥፋተኛ መሆኗን ያመለከተው ማኪ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ሲሆን፥ ይህም በ1907 በሕንድ አገር በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ወንዶቹ ልጆች ከሴቶቹ ይልቅ ቅማል ነበረባቸው፤ የታመሙትም በብዛት ወንዶቹ ሆኑ። በኋላም በቱኒስ ሻርል ኒኮልና ጓደኞቹ እንዴት እንደምታስተላልፍ ገለጡ። ነገሩ በንክሻዋ አይደለም። ጀርሙ የሚኖረው በቅማሏ ሰውነት ውስጥ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ቅማሏ ስትፈርጥ ፈሳሹ በታከከው ቆዳ ወይም በዓይን በኩል ይገባል። እንግዲህ ቅማልን በጥፍርና በጥፍር መካከል ማፍረጥ፥ ይልቁንም በጥርስ መቀርጠፍ፥ በሽታውን በገዛ እጅ መከተብ ማለት ነው። ይህን ለሰው ስንነግር ሳቅ ይመጣል፤ ሳቁ ይምጣ፥ ነገሩ ግን ይነገር።

ስለ ቅማሏ አንድ ነገር እንጨምር። የልብስ ቅማል የምትወደው የጤነኛን ገላ ሙቀት ነው። የሰውየው ትኩሳት 40 ዲግሪ ሲደርስ ይሞቃትና ትታው ትሄዳለች፤ ሰውየው ሲሞትም ይበርዳትና ትሄዳለች። ወዴት? በአንድ ብርድ ልብስ ሥር አብሮት ወደ ተኛው። በሽታው በክረምት፥ ብርዱና ዝናቡ ሰዎችን በአንድ ክፍል ሲያጨናንቃቸውና ልብስ ደራርበው ሲለብሱ የሚበዛው ስለዚህ ነው። ይህ የድኻ በሽታ፥ የወታደር በሽታ፥ የስደተኛ በሽታ ሲባል የኖረውም ስለዚሁ ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን የቀድሞ ወታደሮች በተሰበሰቡባቸው ካምፖች ግርሻ ተቀስቅሶ ብዙ ሰው አጠቃ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከኤርትራ፥ ከሶማሊያና ከአገራችን ተነሥተው በሊቢያ በኩል ባሕር የተሻገሩ ወጣቶች በጀርመን፥ በኢጣሊያና በኔዘርላንድ ሐኪም ቤቶች በግርሻ ተኝተው ተገኙ። ከዚያ ወዲያ ነው የአውሮፓ ሐኪሞች የአያቶቻቸውን መጽሐፍ አቧራ አራግፈው ያነበቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ።

በሽታው ከተጋቦ በኋላ በአማካይ በ7 ቀን በድንገት ይጀምራል። ብርድ ብርድ ይላል፥ ያንቀጠቅጣል፥ ራስ ይፈልጣል፥ ጀርባና ጡንቻ ይቆራርጣል። ሕክምና ካላገኘ 5 ወይም 6 ቀን ያህል ይቆይና ትኩሳቱ በአንድ ጊዜ ወድቆ ሰውየው ይድናል፤ የዳነ ይመስላል። ከ7 እስከ 9 ቀን ገደማ ካለፈ በኋላ ግን ያገረሻል፤ ስሙም ከዚሁ የተገኘ ነው። የሚያገረሽበት ምክንያት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሰውነታችን ጀርሙን በላዩ ባለው ፕሮቲን ያውቀውና መከላከያ ሠርቶ ይፈጀዋል። ከጀርሞቹ መካከል ግን ጥቂቶቹ ያንን ፕሮቲን እንደ ልብስ አውልቀው ሌላ ለብሰዋል። ዘበኛው የሚፈልገው በቀዩ ካባ የሚያውቀውን ሰው ነው፤ እርሱ ሰማያዊ ለብሶ በፊቱ ያልፋል፥ ይዋለዳል። ላይምም ይህን ዘዴ በሌላ መንገድ ያውቃል፤ የቤተ ዘመድ ሙያ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ መካከል ደም ሥር ምን ይሆናል? ጀርሞቹ ብዙ ስለ ሆኑ ሰውነት በጦርነቱ የሚያፈስሳቸው ኬሚካሎች የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ይጎዳሉ፤ ሥሮቹ ውሃ ያፈስሳሉ። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌት የሚባሉት ቅንጣቶች እጅግ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ነስር ይነስራል፤ በደረትና በሆድ ቆዳ ላይ፥ በዓይን ነጭ ላይም የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የደም ነጠብጣቦች ይታያሉ። ጥቁር ቆዳ ላይ ነጠብጣቡ ላይታይ ስለሚችል የዓይንን ሽፋን ገልብጦ፥ የአፍን ላንቃ በባትሪ አብርቶ ማየት ያስፈልጋል። ጉበት ስለሚጎዳ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ባላገሩ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቅጠል ይፈልግለታል። ጣፊያ ያብጣል፤ አብጦም ሊፈነዳ ይችላልና ሆድን ስንመረምር እጃችን ከበድ አይበል። የልብ ጡንቻም ይቆጣል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከያዛት ደግሞ ፅንሱ ሊጨነግፍ ይችላል።

አንጎልን በተመለከተ ከላይም ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። በግርሻ የተያዘ ሰው ራሱን ይፈልጠዋል፥ ማጅራቱ ይገትራል፥ ይቃዣል፥ ሰው ይጠፋበታል፥ ይዘባርቃል፤ አልፎ አልፎም ይንቀጠቀጥና ራሱን ይስታል። ይህ በአብዛኛው ጀርሙ በነርቭ ውስጥ ጎጆ ስለ ሠራ አይደለም፤ ትኩሳቱ፥ የደሙ መመረዝና የደም ሥሮቹ መጎዳት ያመጡት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ፕሌትሌት ከማነሱ የተነሣ በአንጎል ውስጥ ወይም በሽፋኑ ሥር ደም ሲፈስ ነው፤ ከሞቱት ሰዎች አስከሬን ምርመራ ይህ የታወቀ ነው። የፊት መጣመምን የመሰለ የነርቭ ሽባነት በመዥገር በሚተላለፈው የግርሻ ዓይነት ይበዛል እንጂ በቅማል በሚተላለፈው ብዙ አይታይም። ስለዚህ በአሪቻ የምንጠብቀው ፊቱ የተጣመመ ሰው ሳይሆን፥ ነስሮት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሌሊቱን ሲዘባርቅ የሚያድር ሰው ነው። ቤተ ሰቡም «ልክፍት ነው» ቢል አንስቀው፤ እንዲህ ያለ መዘባረቅ ላየ ሰው ሌላ ስም ማግኘት ቀላል አይደለም።

ይህን በሽታ በዝርዝር ለዓለም ያስተማሩት በአገራችን የሠሩ ሐኪሞች መሆናቸውን በኩራት እናስታውሳለን። እነ ዶክተር ብራይሰን፥ ፕሮፌሰር ፓሪ፥ ዶክተር ፔሪንና ዶክተር ዋረል በኢትዮጵያ 62 ሕመምተኞችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በ1994 ጀርሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ውጭ በብርጭቆ ውስጥ ሲራባ የተወሰደው ከኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ደም ነበረ። ከሊቃውንቱ መካከልም የአገራችን ሐኪሞች ነበሩ።

እነዚሁ ሐኪሞች በብርቱ የደከሙበት አንድ ነገር አለ፤ ከንግግራችን ሁሉ ይህ እንዲታወስልን እንለምናለን። ይኸውም መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣው ነው።

ግርሻ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ቴትራሳይክሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ ቢሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ መጠኑን መምህሮቻችን በክፍል አስተምረውናል። ካልታከሙት ሰዎች ወረርሽኝ በሆነ ጊዜ ከ100ው ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ሲሞቱ፥ ከታከሙት ግን የሚሞቱት ከ2 እስከ 5 ያህል ናቸው። ትልቅ ልዩነት ነው። ነገር ግን እነዚያ ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት መቼ ይሞታሉ ብንል፥ ብዙዎቹ መድኃኒቱን በወሰዱበት ቀንና ሌሊት ነው።

መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያሉትን ጀርሞች በአንድ ጊዜ ይፈጃቸዋል፤ ከሬሳቸው የሚወጣው ነገር ደግሞ ሰውነትን ያስቆጣዋል። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሕመምተኛው አልጋውን እስኪያናውጥ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ትኩሳቱ ወደ 41 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ይዘባርቃል። ከዚያ በኋላ ላብ በላብ ይሆናል፥ ቆዳው ይሞቃል፥ ትኩሳቱም ይወርዳል። አስታማሚዎቹ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ አላበው፥ ተሻለው» ይላሉ። እኛ የምንፈራው ግን ያንን ሰዓት ነው። የደም ሥሮቹ ላልተዋል፥ ልቡ ደክሟል፥ የደም ግፊቱ ወርዷል፤ ለብዙ ሰዓትም ዝቅ ብሎ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ሽንት ሊሸና ከአልጋው ተነሥቶ ቢቆም ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ተዝለፍልፎ ይወድቃል፤ ሊሞትም ይችላል። ይህን ያሪሽና ሄርክስሃይመር የተባሉት ሐኪሞች፥ አንዱ በ1895 ሁለተኛው በ1902፥ በቂጥኝ ሕክምና ላይ አይተውት ስለ ነበረ በስማቸው ይጠራል። በላይም ሕክምናም አልፎ አልፎ ይታያል፤ ነገር ግን የላይም ጀርም በደም ውስጥ ጥቂት ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። በግርሻ ግን ቀላል አይደለም።

ይህን ለማስቀረት ብዙ ተሞክሯል። ኮርቲዞን መቆጣቱን አላስቀረም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ጓደኞቻቸው ከበግ የተገኘ መከላከያ በአዲስ አበባ ለሕመምተኞች አስቀድመው ሰጥተው፥ ካልተሰጣቸው ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል ሲቆጣባቸው ከተሰጣቸው ግን ግማሾቹ ብቻ እንደ ተቆጣባቸው አሳዩ። ለሳይንስ ታላቅ ነገር ነው፤ መቆጣቱ ከየትኛው ኬሚካል እንደሚመጣ ገለጠ። ለአሪቻ ጤና ኬላ ግን መድኃኒቱ አይደርስም። የሚደርሰው ምንድን ነው? ሕመምተኛውን ለ24 ሰዓት ከአልጋ ማስተኛት፥ ፈሳሽ መስጠት፥ ትኩሳቱ ሲወጣ በውሃ በተነከረ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፥ የደም ግፊቱን ደጋግሞ መለካት፥ ለሽንቱም አንድ ጣሳ አልጋው ሥር ማስቀመጥ ነው። ጣሳ! ጓደኞቻችን ይስቃሉ፤ በአሪቻ ግን መጸዳጃው ከቤቱ ጀርባ ነው፥ መንገዱ ቁልቁለት ነው፥ ሌሊት ዝናብ ነው። ሰውየውም ጨዋ ነውና በሰው ፊት በጣሳ መሽናት ያፍራል። ይህን እፍረት ማስለቀቅ የእኛ ሥራ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሌላው ነገር፥ መርፌውን ወግቶ «ሂድ፥ ነገ ተመለስ» ማለት አይገባም። ሰውየው ኮረብታውን ሲወጣ በመንገድ ላይ ይደርስበታል።

እንግዲህ አሪቻን እናስብ። ከይርጋ ጨፌ ከተማ ብዙ የማትርቅ፥ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ያላት፥ ቡናዋ በዓለም ገበያ ስሟ ተጽፎ የሚሸጥ ስፍራ ናት። የጌዴኦ ምድር ቡናውን ከእንሰቱና ከዛፉ ሥር አጣምሮ የያዘው ሥርዐት በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። እኛ ግን የምናየው ሌላውን ወገን ነው። በለቀማ ጊዜ እሸት ቡና ማጠቢያዎቹ ሌሊትና ቀን ይሠራሉ፤ የቀን ሠራተኞች ከሩቅ ይመጣሉ፤ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው ይተኛሉ፤ ውሃው ለቡና እንጂ ለልብስ አይተርፍም። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በደረሰው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ በትምህርት ቤቶች፥ በቤተ ክርስቲያኖችና ባላለቁ ሕንጻዎች ውስጥ ተጨናንቆ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ቅማል የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ነገር አትፈልግም።

«ግርሻ ጠፍቷል፥ ስለ ጠፋ በሽታ ለምን ታስጨንቁናላችሁ?» የሚሉ አሉ። መቀነሱ እውነት ነው። ከእኛ ወደ ሰሜን በምዕራብ አርሲ በሚገኘው በጋምቦ የገጠር ሐኪም ቤት የዐሥር ዓመት መዝገብ ታይቶ ቁጥሩ እየወረደ መምጣቱ ተጽፏል። ነገር ግን በባሕር ዳር ጎዳና ላይ ከሚያድሩት፥ ከቀን ሠራተኞችና ከቆሎ ተማሪዎች መካከል በዚህ በሽታ ሐኪም ቤት የገቡ ተገኝተዋል። በሽታው ጠፋ ሲባል ደግሞ የሚፈልገውም ሰው አብሮ ይጠፋል። በዚህ ረገድ የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። ቀድሞ ትኩሳት ያለው ሰው ሲመጣ ደሙ በስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታይ ነበረ፤ ወባ የፈለገው ሰው የግርሻን ክሮች ሳይፈልግ ያገኛቸው ነበረ። አሁን በጤና ኬላዎች ያለው የወባ ፈጣን መመርመሪያ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም የሚያውቀው ወባን ብቻ ነው። «ወባ የለም» ሲል «ግርሻ የለም» ማለቱ አይደለም። ሕመምተኛውም ወደ ከተማ ወርዶ፥ ሁላችንም አንድ ጊዜ የሰማናትን «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የምትባለውን ፍርድ ተቀብሎ፥ ለሌላ በሽታ የተሰጠውን መድኃኒት በኪሱ ይዞ ወደ ጋራው ይመለሳል። ያ መድኃኒት በአጋጣሚ የግርሻን ጀርም የሚገድል ከሆነ ደግሞ፥ ከላይ የነገርናችሁ ሌሊት ጠባቂ በሌለበት ይመጣበታል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው።

ስለ ጀርሙ የመጨረሻ አንድ ቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. የዘር ጽሑፉ በሙሉ ሲነበብ፥ በመዥገር ከሚተላለፈው ከአፍሪካዊው ዘመዱ ተለይቶ ብዙ ጂኖቹን የጣለ ሆኖ ተገኘ። ከሰውና ከሰው ቅማል በቀር ሌላ መኖሪያ አይታወቅለትም። ላይም በአይጥና በመዥገር መካከል በደን ውስጥ ስለሚዞር፥ አሜሪካ ባላት ሀብት ሁሉ ልታጠፋው አልቻለችም፤ በየዓመቱ ወደ 476,000 ሰዎች ለእርሱ ይታከማሉ ተብሎ ይገመታል። የእኛው ግን ደን የለውም። ያለው የሸሚዝ ስፌት ብቻ ነው። ቅማልም እንቁላሏንም በስፌቱ ውስጥ በፍል ውሃ ወይም በከሰል ካውያ ማጥፋት ይቻላል፤ ውሃና ከሰል ከሌለ ልብሱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ 2 ሳምንት ሳይለብሱ ቢያስቀምጡት ምግብ አጥታ ትሞታለች። ሁለተኛ ልብስ የሌለው ሰው ግን 2 ሳምንት ምን ይለብሳል? ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ አላገኘነውም።

ስለዚህ ወደ አሪቻ የምትወጡ ጓደኞቻችን፥ ስላይድና የጊምዛ ቀለም፥ የሙቀት መለኪያና የደም ግፊት መለኪያ ያዙ። ወባ የሌለበት ትኩሳት ሁሉ ላይ ደም ቀቡ፤ ደሙንም ትኩሳቱ በወጣበት ሰዓት ውሰዱ፥ ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ክሮቹ አይገኙም። «ቅማል አለብህ ወይ?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁ። ጌዴኡፋ የሚችል ጓደኛ ይኑራችሁ፤ አስቀድማችሁም የሶንጎ ሽማግሌዎችን አነጋግሩ፤ እነርሱ ከፈቀዱ የሠራተኛው ማደሪያ በር ይከፈትላችኋል። መርፌ የተሰጠው ሰው ካለ አንዳችሁ አብራችሁት እደሩ።

መምህሮቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ካሉት ማይክሮስኮፖች አንዱ፥ በመስተዋት የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ የሚሠራው አሮጌው፥ ለቀማው እስኪያልቅ ድረስ አሪቻ እንዲቆይ ይፈቀድልን። በዚያ መብራት ቢጠፋም ፀሐይ አይጠፋም፤ ተሸክመነው የምንወጣውም እኛው ነን።